የእንግሊዝኛ ዲክሽነሪ ጥሩ መሆኑን ለማወቅ «ስኩል» ብላችሁ ፈልጉበት

ሰው አዲስ ዲክሽነሪ ሲያወርድ መጀመሪያ የሚሞክረው ከባድ ቃል ነው። አንድ ማንም የማያውቀው ረጅም ቃል ያስገባል፣ ከተገኘ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ካልተገኘ ያጠፋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከባድ የሚባሉት ቃላት አብዛኞቹ ያላቸው ትርጉም አንድ ወይ ሁለት ነው፣ ስለዚህ ማንም ዲክሽነሪ በቀላሉ ይወጣቸዋል። ዲክሽነሪ የሚፈተነው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብለን በምናልፈው ቃል ነው። ከትምህርት ጋር ከሚያያዙት ውስጥ ደሞ እንደ «ስኩል» የሚፈትን አላገኘሁም፣ እንግሊዝኛ ስንጀምር ከምናውቃቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዱ ነው ግን ውስጡ ሲገባ ብዙ ጉድ አለው።

ስለዚህ ይሄ ሪቪው በዋናነት ስለ ኦክስፎርድ ለርነርስ ዲክሽነሪስ ዌብሳይት ነው፣ በጎን ግን ሎንግማንን፣ ኮሊንስ ኮቢልድን እና ሜሪያም ዌብስተርን እያነጻጸርኩ ነው የምጽፈው፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚታዩ ናቸው። መመዘኛዬ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እሱን በደንብ ያስረዳ ሌላውንም ያስረዳል ብዬ ስለማምን።

መጀመሪያ ግን ብዙዎቻችን ስለምንጠቀማቸው የእንግሊዝኛ አማርኛ አፖች ትንሽ ልበል። ስም አልጠራም፣ አብዛኞቹ አንድ አይነት ናቸው። «ስኩል» ስትሏቸው «ትምህርት ቤት» ይሏችኋል፣ በቃ አለቀ። ጥሩ ከሆነ «ት/ቤት» ብሎ አንድ ይጨምርላችኋል። ውሸት አይደለም፣ ግን በዚህ ትርጉም ብቻ ይዛችሁ ጽሑፍ ማንበብ ስትጀምሩ «ኤ ስኩል ኦፍ ፊሽ» የሚለው «የዓሣ ትምህርት ቤት» ይሆናል፣ «ሂ ኢዝ ኦልድ ስኩል» የሚለው «እሱ አሮጌ ትምህርት ቤት ነው» ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደሞ የሚያስቅ ስህተት ሳይሆን ልክ የሚመስለው ስህተት ነው፣ «ዜር ኢዝ ኖ ስኩል ቱሞሮው» ስትሉት «ነገ ትምህርት ቤት የለም» ካላችሁ ሰው ሊገባው ይችላል ግን አማርኛው እንደዛ አይልም እኮ፣ እኛ «ነገ ትምህርት የለም» ነው የምንለው። «አፍተር ስኩል» ደሞ «ከትምህርት በኋላ» ነው። ማለትም እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ቦታውንም ትምህርቱንም ሲጠራ፣ አማርኛ ግን «ቤት»ን እየጨመረና እየቀነሰ ይለያቸዋል። ይሄንን የሚነግራችሁ የእንግሊዝኛ አማርኛ አፕ እስካሁን አላየሁም፣ ቢኖር በጣም ደስ ይለኝ ነበር ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አሁን ወደ ኦክስፎርዱ። ከጀርባው ያለው ታሪክ ራሱ ለምን ለኛ እንደሚመች ያስረዳል። ያዘጋጀው ኤ ኤስ ሆርንቢ የሚባል ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ እንግሊዛዊ ነው፣ መጀመሪያ የታተመው ቶኪዮ በ1942 ነው፣ ከዛ በ1948 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አወጣው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማለትም ከመጀመሪያው የታሰበው እንግሊዝኛ አፉን ላልፈታበት ሰው ነው። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለአፍ ፈት ተናጋሪ የተጻፈ ዲክሽነሪ «ስኩል» ከሚለው ቃል በፊት «ዘ» መቼ እንደሚገባ አይነግርህም፣ ሰውየው ከናቱ ጋር ሲያወራ የለመደው ነው። ለተማሪ የተጻፈው ግን ዋናው ጉዳይ እሱ እንደሆነ ያውቃል።

ገጹን ስትከፍቱ ከቃሉ አጠገብ «ኤ ዋን» የሚል ምልክት ታያላችሁ፣ ለጀማሪ ደረጃ የሚያስፈልግ ቃል ነው ማለት ነው። ከዛ ሁለት የድምጽ ማጉያ ምልክቶች አሉ፣ ሰማያዊው የእንግሊዝ አነጋገር ቀዩ የአሜሪካ። እባካችሁ ሁለቱንም ተጫኗቸው። ብዙዎቻችን ቃሉን «እስኩል» እያልን ነው የምንጠራው፣ ከ«ስ» በፊት ትንሽ «እ» ትገባለች፣ ድምጹን ደጋግማችሁ ስትሰሙት ግን ምንም መነሻ የለውም፣ በቀጥታ ከ«ስ» ወደ «ክ» ነው የሚሄደው። ጽሑፉን እያያችሁ ከሆነ ደሞ መሃል ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች ብዙ ጊዜ «ች» የሚባሉት ናቸው፣ እዚህ ግን «ክ» ሆነዋል፣ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ስለሆነ ነው።

ትርጉሞቹ ደሞ ዝም ብሎ አንድ ሁለት ሦስት ተብለው አልተደረደሩም። እያንዳንዱ ላይ አጭር ርዕስ አለው፣ ልጆች የሚማሩበት፣ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹና መምህራኑ፣ ጸሐፊዎችና አርቲስቶች፣ ዓሣ እየተባለ። ለሚቸኩል ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ የምታነቡት ስለ ሥዕል ከሆነ ከላይ እስከ ታች ማንበብ የለባችሁም በርዕሱ ዓይናችሁ ይመራችኋል። ከእያንዳንዱ ሥር የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። እኔ ዲክሽነሪውን የምወደው በትርጉሙ ሳይሆን በምሳሌዎቹ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፣ «ጎ ቱ ስኩል» እና «ጎ ቱ ዘ ስኩል»። ይሄንን ነገር ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩን «ስኩል ላይ ዘ አይገባም» ተብሎ ነው፣ ከዛ መጽሐፍ ውስጥ «ዘ ስኩል» ስናይ ግራ ይገባናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፣ ልጁ ሊማር ሲሄድ «ጎ ቱ ስኩል» ነው፣ እናቱ ከመምህሩ ጋር ለመነጋገር ወይ ቧንቧ የሚጠግን ሰው ለሥራ ሲሄድ ግን «ጎ ቱ ዘ ስኩል» ነው፣ ምክንያቱም እነሱ ለትምህርት አይደለም የሄዱት ወደ ሕንጻው ነው። ገጹ ላይ ይሄን የሚያስረዳ ማስታወሻ አለ። ግን እውነቱን ለመናገር አማርኛ ተናጋሪ ይሄን ለመረዳት ማስታወሻም ላያስፈልገው ይችላል ምክንያቱም እኛ ጋ ያለ ነገር ነው! «ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ» እንላለን፣ ሊማር ነው። «እናቱ ትምህርት ቤቱ ሄደች» ስንል ግን ያቺ «ቱ» ላይ ያለችው ድምጽ አንድ የታወቀ ቦታ ነው የምታመለክተው። «እስር ቤት ገባ» ያልነው ሰው ታስሯል፣ «እስር ቤቱ ገባ» ያልነው ሰው ግን ጥየቃ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ልክ እንደዛው እንግሊዝኛው «ጎ ቱ ፕሪዝን» ሲል ታሰረ ነው፣ «ጎ ቱ ዘ ፕሪዝን» ሲል ሕንጻው ጋ ሄደ ነው። ቸርች፣ ቤድ፣ ኮሌጅ ሁሉም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። አንድ የሚለየው «ሆስፒታል» ነው፣ እንግሊዞች ታሞ የተኛን ሰው «ኢን ሆስፒታል» ሲሉ አሜሪካኖች «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ። በዚህ መንገድ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው ሁለተኛ ሕጉን መሸምደድ አያስፈልገውም፣ ለምን እንደዚህ አድርገው እንደማያስተምሩን ሁሌ ይገርመኛል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ሊቭ ስኩል» ነው። ያለ «ዘ» ከሆነ ትምህርቱን ጨርሶ ወይ አቋርጦ ወጣ ማለት ነው፣ «ሂ ሌፍት ስኩል አት ሲክስቲን» ሲባል በ16 ዓመቱ ትምህርት አበቃ ነው እንጂ ከግቢ ወጣ አይደለም። «ሌፍት ዘ ስኩል» ሲሆን ግን ከግቢው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ትንሽ ቃል የሰውየውን ሕይወት ታሪክ ነው የምትቀይረው።

ሌላው ዲክሽነሪው ጎበዝ የሆነበት ቦታ የእንግሊዝና የአሜሪካ ልዩነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ «ስኩል» ሲሉ ባብዛኛው እስከ 18 ዓመት ያለውን የልጆች ትምህርት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ያለን ሰው «አት ስኩል ነው» አይሉትም። አሜሪካኖች ግን ዩኒቨርሲቲውንም «ስኩል» ነው የሚሉት፣ አንድ ትልቅ ሰው «ዌር ዲድ ዩ ጎ ቱ ስኩል» ብሎ ቢጠይቃችሁ ዩኒቨርሲቲያችሁን ሊሆን ይችላል የሚጠይቀው፣ የአንደኛ ደረጃችሁን ስም ብትነግሩት ጥያቄው አልተመለሰለትም። ዲክሽነሪው ይሄን ትርጉም «የሰሜን አሜሪካ፣ ኢንፎርማል» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። መስተዋድዱም ይለያል፣ እንግሊዙ «አት ስኩል» ያለውን አሜሪካዊው ብዙ ጊዜ «ኢን ስኩል» ይለዋል። «ሺ ኢዝ ስቲል ኢን ስኩል» ከአሜሪካዊ አፍ ሲወጣ ልጅቷ 25 ዓመቷ ሆኖ ማስተርስ እየሠራች ሊሆን ይችላል። ለውጪ ትምህርት የምታመለክቱ ልጆች ይሄን ልብ በሉት፣ ፎርም ላይም ኢንተርቪው ላይም ይመጣል።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን «ፐብሊክ ስኩል» ነው። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ በግብር የሚተዳደር፣ ማንም በነፃ የሚገባበት። እንግሊዝ ውስጥ ደሞ ተቃራኒው፣ እነ ኢተን፣ እነ ሃሮው፣ እነ ዊንቸስተር ያሉ ትልቅ ክፍያ የሚጠይቁ የቆዩ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው ፐብሊክ ስኩል የሚባሉት። «ፐብሊክ» የተባሉት ልጅን ቤት ውስጥ በግል መምህር ከማስተማር ወይ ለአንድ አካባቢ ወይ ሃይማኖት ልጆች ብቻ ከሚሆን ትምህርት ቤት ለመለየት ነው፣ የሚከፍል ማንም ከየትም መጥቶ ይገባል ለማለት። በ1868 ፐብሊክ ስኩልስ አክት የሚባል ሕግ ወጥቶ ሰባት ትምህርት ቤቶችን በስም ጠቅሶ ይመለከት ነበር። አሁን አስቡት፣ አንድ የእንግሊዝ ዜና «ይሄ ፖለቲከኛ ፐብሊክ ስኩል የተማረ ነው» ብሎ ሲጽፍ ሰውየው የሀብታም ልጅ ነው እያለ ነው፣ እኛ ደሞ «አይ ከሕዝብ የወጣ ሰው ነው» ብለን እናነበዋለን። ዓረፍተ ነገሩ ተገልብጦ ነው የገባን ማለት ነው። እንግሊዞች የመንግሥቱን «ስቴት ስኩል» ነው የሚሉት። «ፕሪፓራቶሪ ስኩል»ም እንደዛው ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን የግል ትምህርት ቤት ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ የግል ሁለተኛ ደረጃ ነው። አንድ ዲክሽነሪ እነዚህን ሁለቱን አገሮች ለያይቶ ካልጻፈ ለኔ ወደቀ።

«ስኩል» ሁሌ የልጆች ነገር አለመሆኑን ደሞ በስሞች ላይ ታዩታላችሁ። በ1895 የተመሠረተው ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሃርቫርድ ሜዲካል ስኩል የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ፋካልቲ ነው። «ፍራንክፈርት ስኩል» ሲባል ደሞ ጭራሽ ሕንጻም አይደለም፣ በ1923 ፍራንክፈርት ከተቋቋመ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ጋር የተያያዙ ምሁራን የሚጋሩት አስተሳሰብ ነው። ለዚህኛው አማርኛ ውስጥ «የአስተሳሰብ ጎራ» ብንል ይቀርባል፣ «ስኩል ኦፍ ቶት» የሚለውም እዚሁ ነው የሚገባው።

የዓሣው ነገር ላይ ሜሪያም ዌብስተር ነው የሚያሸንፈው። አሜሪካዊ ነው፣ መነሻው ኖህ ዌብስተር በ1828 ያወጣው ዲክሽነሪ ነው፣ የቃል ታሪክ ላይ በጣም ጠንካራ ነው። የዓሣውን «ስኩል» ለብቻው እንደ ሌላ ቃል አድርጎ ነው ያስቀመጠው፣ ልክም ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። የትምህርቱ «ስኩል» ከግሪኩ «ስኮሌ» በላቲን በኩል የመጣ ነው፣ ስኮሌ መጀመሪያ ትርጉሙ የዕረፍት ጊዜ፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ሰዓት ነበር፣ ከዛ በዚህ ሰዓት የሚደረግ ውይይትና ትምህርት ሆነ፣ በመጨረሻ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቦታ ሆነ። የዓሣው ግን ከደች ቋንቋ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም መንጋ፣ ብዛት ነው። ድምጻቸው ብቻ ነው የተገናኘው፣ እኛ ጋ «ገና» በዓሉም «ገና» አልደረሰም የምንለውም አንድ አይነት እንደሚጻፉት። ግን ሜሪያም ዌብስተር ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፣ ትርጉሞቹን የሚደረድረው በታሪክ ቅደም ተከተል ነው፣ ስለዚህ አንደኛ ላይ ያለው የዛሬው ዋና ትርጉም ላይሆን ይችላል። ይሄን ሳያውቅ የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ የሚሄድ ብዙ ሰው አለ።

እንደ ግስ የሚገባውን በአጭሩ፣ «ቱ ስኩል» ማሠልጠን ነው፣ ለፈረስም ለሰውም ይሆናል፣ በአሁኑ የወጣት አነጋገር ደሞ አንዱ ሌላውን በጨዋታ ወይ በክርክር በደንብ ሲያሸንፈው «ጎት ስኩልድ» ይባላል። «ኦልድ ስኩል» የድሮውን መንገድ የያዘ ማለት ነው፣ ባብዛኛው በአድናቆት ነው የሚባለው። «ቴል ቴልስ አውት ኦፍ ስኩል» ምስጢር ማውጣት ነው። «ዘ ስኩል ኦፍ ሃርድ ኖክስ» በኑሮ ችግር የተማሩት ትምህርት ነው፣ አማርኛውስ «ኑሮ ያስተማረው» ይል የለ።

«ስኮላር» እና «ስኮላርሺፕ»ን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ቃል ስለሆነ። እኛ ስኮላርሺፕ ስንል የሚከፈልልን ገንዘብ ብቻ ነው የሚታየን። ዲክሽነሪው ግን ሁለት ይነግራችኋል፣ አንዱ የትምህርት ድጋፉ ነው፣ ሁለተኛው ግን ጥልቅ ጥናት፣ የምሁር ሥራ ነው። አንድ መጽሐፍ «ኤ ወርክ ኦፍ ግሬት ስኮላርሺፕ» ከተባለ ማንም ለጸሐፊው ከፈለለት ማለት አይደለም፣ ብዙ የተደከመበት ጥናት ነው ማለት ነው። «ስኮላር»ም ሊቁም ነው፣ ድጋፉን ያገኘው ተማሪም ነው። ሞቲቬሽን ሌተር ስትጽፉ ይሄን ማወቅ ከብዙ ስህተት ያድናል።

ስለ ሌሎቹ በትንሹ፣ ሎንግማን ትርጉም የሚጽፈው ወደ 2000 በሚሆኑ ቀላል ቃላት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ትርጉሙን ለመረዳት ሌላ ትርጉም ፍለጋ አትገቡም፣ ቃሉ በንግግርና በጽሑፍ ምን ያህል እንደሚዘወተርም ምልክት ያደርጋል። ኮሊንስ ኮቢልድ ከ1987 ጀምሮ የታወቀው ትርጉምን በሙሉ ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ነው፣ መምህር አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ ነው የሚመስለው፣ ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ድክመት ካላችሁኝ፣ ሁሉም ላይ አንድ ነው፣ አማርኛ የለም። ትርጉሙም ማስታወሻውም ምሳሌውም እንግሊዝኛ ስለሆነ ገና ፊደል ለያዘ ሰው ከባድ ነው። በነፃ የሚሠሩ ስለሆኑ ማስታወቂያ አላቸው፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋሉ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደሞ መጀመሪያ የሚቀረው ድምጹ ነው፣ ከሁሉም የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ።

ለኦክስፎርዱ ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለቃል ታሪክ ወደ ሌላ ሳይት እንድሄድ ስለሚያደርገኝ ነው፣ ያለውን ማስታወሻ ትንሽ ቢያሰፋው ሙሉውን እሰጠው ነበር። መካከለኛ ደረጃ ያለ ሰው ከሱ ይጀምር። ጀማሪ ከሆናችሁ ኮቢልድን ክፈቱ፣ ከአማርኛው አፕ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ምሳሌ አንብቡ፣ ከዛ አማርኛውን እዩ፣ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። መምህር የሆናችሁ ደሞ ተማሪዎቻችሁን «ስኩል» የሚለውን ገጽ አንድ ላይ አስከፍቷቸው፣ እያንዳንዱን ምሳሌ ወደ አማርኛ ሲመልሱ የት ላይ «ትምህርት»፣ የት ላይ «ትምህርት ቤት»፣ የት ላይ «ትምህርት ቤቱ» እንዳሉ ይጻፉ፣ አርቲክልን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ክፍለ ጊዜ አላውቅም።